ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦ፦ የዩኒቨርሲቲ ደንብ ምን ይለካል፣ ማንን ይጠብቃል?

የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ስሙ ጋፋት ነው። ስሙ ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብላ ከምትገኘው መንደር የመጣ ነው። ጋፋት በ1850ዎቹ መጨረሻ የዐፄ ቴዎድሮስ የብረታ ብረት ሥራ ቦታ ነበረች። ቲዮፍሎስ ዋልድማየርና ሌሎች አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞችና ሙያ ከሚለምዱ ወጣቶች ጋር ሆነው መድፍ ያቀለጡት እዚህ ነው። 70 ኩንታል ገደማ የምትመዝነው ሴባስቶፖልም ተራራና ገደል አቋርጣ በሰው ጉልበት ወደ መቅደላ የተጎተተችው ከዚሁ አካባቢ ተነሥታ ነው።

በዚያ ዘመን በጋፋት ፈተናው ቀላል ነበር ማለት ይቻላል። ብረቱ ቀልጦ ቅርጹን ከያዘ ሠርተሃል፤ ካልያዘ አልሠራህም። ሪጅስትራር የለ፣ ግሬድ የለ፣ አማካይ ውጤት የለ። ዛሬ በዚሁ ስም በሚጠራው ተቋም የሚማር ልጅ ግን ሴሚስተሩ ሲያልቅ የሚጠብቀው አንድ ቁጥር ነው። 2.01 ወይም 1.98። በጭንቅላቱ ባለው እውቀትና በዚህ ቁጥር መካከል ረጅም ሰንሰለት አለ፦ ጥያቄ ያወጣው መምህር፣ ያረመው እጅ፣ ነጥብ የደመረው፣ ወደ ኮምፒውተር ያስገባው። ከሰንሰለቱ አንዷ ቀለበት ብትላላ አንድ ልጅ ሻንጣውን ይዞ ወደ ጋይንት ወይም ወደ እስቴ የሚሄድ መኪና ሊሳፈር ይችላል።

የዩኒቨርሲቲ የትምህርት ደንብ የዚህ ሰንሰለት መቆጣጠሪያ ነው። ብዙዎቻችን ግን መጀመሪያ ስንመዘገብ ፈርመንበት እንረሳዋለን። እስቲ ዛሬ እንደ ማሽን ፈታተን እንየው።

ከግሬድ በፊት የነበረው ሥርዓት

ደቡብ ጎንደር ውስጥ ከዩኒቨርሲቲ በፊት የተከበረ የምዘና ሥርዓት ነበረ፤ አሁንም አለ። ጋይንት ውስጥ የምትገኘው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬ መዋሥዕት። አንድ የቆሎ ተማሪ ድጓን የትም አገር ቢማር፣ ሙሉ መምህር ለመባል ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል።

ይህ ሥርዓት ከእኛ በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ ጊዜው ተማሪውን ይጠብቃል። አንዱ በአምስት ዓመት፣ ሌላው በአሥር ዓመት ሊጨርስ ይችላል፤ ቋሚው ነገር የእውቀቱ ልክ ነው። በዩኒቨርሲቲ ግን ቋሚው ጊዜው ነው፤ ሴሚስተሩ ሲያልቅ የሚለያየው ግሬዱ ነው። ሁለተኛ፣ ተማሪው የኔታ ፊት ቀርቦ ሲቀጽል ስህተቱ እዚያው ይታረማል። ለምን እንደወደቀ ሳያውቅ አይሄድም። በአንድ ክፍል ብዙ ተማሪ በሚማርበት ዩኒቨርሲቲ ግን መምህር እያንዳንዱን ፊት ለፊት ሊያዳምጥ አይችልም። ስለዚህ ወረቀት መጣ፣ ቁጥር መጣ። ቁጥር ሲመጣ ደግሞ የቁጥር ስህተት አብሮ ይመጣል። መብት የሚባለው ነገር የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው።

ደንቡ ከየት ይወርዳል?

ደንቡ እንደ ደረጃ ነው። ከላይ ሕገ መንግሥቱ አለ። ቀጥሎ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ይመጣል። ይህ አዋጅ የ2001ን (ቁጥር 650) የተካ ሲሆን፣ እሱም በተራው የ1995ን (ቁጥር 351) ተክቶ ነበር። አዋጁ የተማሪዎችን መብትና ግዴታ ይዘረዝራል። ዝርዝር አሠራሩን ግን ለተቋማቱ ይተዋል። ከዚያ ስር የእያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ሴኔት ሌጅስሌሽን አለ፤ ግሬድ እንዴት እንደሚሰጥ፣ ማን ማስጠንቀቂያ እንደሚደርሰው፣ ማን እንደሚሰናበት፣ አቤቱታ በስንት ቀን እንደሚቀርብ የሚናገረው እሱ ነው። ከታች ደግሞ በሴሚስተሩ መጀመሪያ የምትቀበሉት የኮርስ አውትላይን አለ።

የታችኛው ከላይኛው ጋር መጋጨት አይችልም። መምህር በአውትላይኑ ላይ "ሚድ 30፣ አሳይመንት 20፣ ፋይናል 50" ብሎ ከጻፈ፣ በሴሚስተሩ መጨረሻ ብቻውን ተነሥቶ ፋይናሉን 80 ሊያደርገው አይገባም። ያቺ አንድ ገጽ ወረቀት ተራ ወረቀት አይደለችም፤ ውል ናት። አትጣሏት።

የአማካይ ውጤት ሒሳብ

አማካይ ውጤት ተራ አማካይ አይደለም። ክብደት ያለው አማካይ ነው። የእያንዳንዱን ኮርስ ነጥብ በክሬዲቱ ታባዛላችሁ፣ ትደምራላችሁ፣ ለጠቅላላ ክሬዲት ታካፍላላችሁ።

ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት ተማሪ 30 ክሬዲት ወሰደች እንበል። ባለ 5 ክሬዲት ኮርስ ላይ ቢ (3.0)፣ በሁለት ባለ 5 ክሬዲት ኮርሶች ሲ (2.0)፣ በሌላ ባለ 5 ሲ ፕላስ (2.5)፣ ባለ 6 ክሬዲት ላይ ሲ ማይነስ (1.75)፣ ባለ 4 ላይ ዲ (1.0) አገኘች። ድምሩ 15 + 10 + 10 + 12.5 + 10.5 + 4 = 62 ነው። ለ30 ሲካፈል 2.07። ለመመረቅ ከሚያስፈልገው 2.00 በላይ ናት።

አሁን ባለ 6 ክሬዲቱ ኮርስ አንድ እርከን ብቻ ወርዶ ዲ ቢሆንስ? ድምሩ 57.5፣ አማካዩ 1.92 ይሆናል። አንዲት ፊደል ልጅቷን ከመስመሩ ወዲህ ወይም ወዲያ አደረገቻት። ባለ 6 ክሬዲት ኮርስና ባለ 2 ክሬዲት ኮርስ ላይ እኩል መጨነቅ ስሌት አለማወቅ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

ሌላም ጉዳይ አለ። አማካይ ውጤት እንደ ተጫነ አይሱዙ ነው፤ ፍጥነት ከያዘ በኋላ መሪው ይከብዳል። የመጀመሪያውን ሴሚስተር በ1.80 የጨረሰ ልጅ እኩል ክሬዲት እየወሰደ ወደ 2.00 ለመመለስ በሚቀጥለው ሴሚስተር 2.20 ይበቃዋል። በ1.80 ሦስት ሴሚስተር ከቆየ ግን በአንድ ሴሚስተር ለመውጣት 2.60 ያስፈልገዋል። ሰባት ሴሚስተር ከቆየ 3.40። ዘጠኝ ከሆነ 3.80! ልጁ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ሒሳቡ ራሱ ነው። ስለዚህ እርዳታ መጠየቅ፣ አማካሪ መምህር ጋር መሄድ፣ ቱቶሪያል መግባት፣ በጤና ወይም በቤተሰብ ችግር ከሆነ በሕጋዊ መንገድ ትምህርት ማቋረጥ፣ ሁሉም በጊዜ ሲሆን ነው የሚጠቅመው።

59.9 እና 60.0

ኢንጂነሪንግ የተማረ ሰው ሙቀትን ወይም ድምፅን ወደ ዲጂታል ቁጥር ስንቀይር ደረጃ በደረጃ እንደምንቆርጠው ያውቃል። ግሬድም እንዲሁ ነው። ከ50 እስከ 60 ያለው ሲ፣ 60 ሲሞላ ሲ ፕላስ በሆነበት ስኬል 51 ያመጣና 59.9 ያመጣ እኩል 2.0 ያገኛሉ። 59.9 ያመጣና 60.0 ያመጣ ደግሞ በግማሽ ነጥብ ይለያያሉ። ለተማሪዋ ባለ 5 ክሬዲት ኮርስ ላይ ግማሽ ነጥብ ማለት በሴሚስተሩ አማካይ ላይ 0.08 ነው።

ታዲያ ያ 59.9 ምን ያህል የታመነ ነው? እ.ኤ.አ. በ1912 ስታርች እና ኤሊየት የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች አንድን የእንግሊዝኛ ፈተና ወረቀት አባዝተው ለ142 መምህራን እንዲያርሙት ሰጡ። ለዚያው ለአንዱ ወረቀት አንዱ መምህር 64 ሲሰጥ ሌላው 98 ሰጠ። "እንግሊዝኛ እኮ አስተያየት ይበዛበታል" የሚል ትችት ቀረበ። በዓመቱ በጂኦሜትሪ ሞከሩት፤ ልዩነቱ ጭራሽ ሰፋ። አንዱ ለመጨረሻው መልስ ነጥብ ይሰጣል፣ ሌላው ለአካሄዱ፤ አንዱ ለንጽሕና ይቀንሳል፣ ሌላው አያየውም።

ይህ መምህራን ክፉ ናቸው ማለት አይደለም። የትኛውም መለኪያ፣ ሚዛንም ሆነ ቴርሞሜትር፣ የስህተት ልክ አለው ማለት ነው። ጥሩ መሐንዲስ መለኪያውን አይሰድብም፤ ያስተካክለዋል። የታረመ ወረቀታችሁን የማየትና እንደገና እንዲታይላችሁ የመጠየቅ መብት የዚህ ማስተካከያ አካል ነው። ለመምህሩ ሞገስ መንፈግ ተደርጎ መታየት የለበትም። በነገራችን ላይ ወረቀት እንደገና ሲታይ ነጥብ ሊቀንስም ይችላል፤ መለኪያ በሁለቱም በኩል ነው የሚሳሳተው።

አንዲት የሒሳብ ብልሃት ልጨምርላችሁ። ስትቆጥሩት 87 የሆነው ድምር ሲለጠፍ 78 ከሆነ፣ ልዩነቱ 9 ነው። ሁለት አኃዝ ቦታ ሲለዋወጡ ልዩነቱ ሁልጊዜ በ9 የሚካፈል ቁጥር ይሆናል፤ 61 እና 16 ብትወስዱ 45 ነው። ሒሳብ ሠራተኞች ከጥንት ጀምሮ የሚጠቀሙባት ዘዴ ናት። ልዩነቱ በ9 ከተካፈለ ስህተቱ የእርማት ሳይሆን የመገልበጥ ሊሆን ይችላልና መዝገቡን ማሳየት ብቻ ይበቃል። ማረጋገጫ አይደለም፤ ፍንጭ ነው።

አዳምም ተጠይቋል

ግሬድ አንድ ነገር ነው፤ ቅጣት ሌላ። ኩረጃ፣ ድብድብ፣ ንብረት ማበላሸት ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ያመራል። እዚህ ላይ ዋናው መብት አንድ ነው፦ ክሱን ማወቅና ሳይፈረድ በፊት መደመጥ።

እ.ኤ.አ. በ1718 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሪቻርድ ቤንትሊ የተባለውን ሊቅ ሳይጠራና ሳይጠይቅ ማዕረጉን ገፈፈው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ዳኞቹ በ1723 ማዕረጉ እንዲመለስለት አዘዙ። ከዳኞቹ አንዱ ያነሡት ምክንያት ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይሆንም፦ እግዚአብሔር ራሱ አዳም ምን እንዳደረገ እያወቀ፣ አስቀድሞ ጠርቶ ጠየቀው እንጂ በዝምታ አልፈረደበትም። እ.ኤ.አ. በ1961 ደግሞ በአሜሪካ አላባማ የዘር መድልዎን በመቃወማቸው ያለ ምንም መደመጥ ከመንግሥት ኮሌጅ የተባረሩ ጥቁር ተማሪዎች ጉዳይ ለፍርድ ቀርቦ፣ የመንግሥት ኮሌጅ ተማሪን ከማባረሩ በፊት ክሱን ሊያሳውቀውና ሊሰማው ይገባል ተባለ።

እኛም ዘንድ የ"ተጠየቅ" ሙግት ነበረ። "በሕግ አምላክ!" ሲባል የሮጠ የሚቆምበት አገር ነው። አባቶቻችን በሕግ ከሄደችው በቅሎዬ ይልቅ ያለ ሕግ የሄደችው ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች ይላሉ። በቅሎ ብዙ ብር ናት፤ ጭብጦ የአንድ ሰው ምሳ። ታዲያ ለምን ጭብጦዋ ትብሳለች?

ይህን ጥያቄ ሳይኮሎጂስቶች በዘመናችን አጥንተውታል። ጆን ቲቦ እና ሎረንስ ዎከር እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ሥራ ሰዎች ስለ ፍትሕ ሲፈርዱ ውጤቱን ብቻ ሳይሆን አካሄዱን እንደሚመዝኑ አሳዩ። የተሸነፈ ሰው እንኳ ሐሳቡን ለመናገር ዕድል ካገኘና ዳኛው አላዳላም ብሎ ካመነ ውሳኔውን የመቀበሉ ነገር ይጨምራል። ያልተደመጠ ግን ትክክለኛ ውሳኔ ቢሆንም እንኳ አይዋጥለትም። ለዩኒቨርሲቲ ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ኤፍ ያገኘ ልጅ ወረቀቱን አይቶ "እውነትም አልሠራሁም" ካለ ወደ ቤተ መጻሕፍት ይሄዳል። ወረቀቱን ካላየ "ጠልቶኝ ነው" ይላል፤ ከዚያ በኋላ ማጥናት ትርጉም ያጣበታል።

የግዴታው ጎን

እስካሁን ስለ መብት አወራን። ግዴታስ? ተማሪ ሁሉን ከመምህር ብቻ የሚጠብቅበት ጊዜ አልነበረም። በመካከለኛው ዘመን በጣልያኗ ቦሎኛ ተማሪዎቹ ራሳቸው መምህር ይቀጥሩ ነበር፤ አርፍዶ የመጣ መምህርም ይቀጣ ነበር። እንዲህ ያለ ሥልጣን ያገኙት ግን ገንዘቡንም ኃላፊነቱንም ራሳቸው ስለተሸከሙ ነው።

ጊዜን እንቁጠር። በአገራችን ኢ.ሲ.ቲ.ኤስ በሚጠቀም ሥርዓተ ትምህርት አንድ ክሬዲት 27 ሰዓት ሥራ ነው፤ ባለ 5 ክሬዲት ኮርስ 135 ሰዓት። በሴሚስተር 30 ክሬዲት ማለት 810 ሰዓት ነው። ለ16 ሳምንት ስናካፍለው በሳምንት 50 ሰዓት ገደማ ይመጣል። ክፍል የምትቀመጡት ከዚህ ጥቂቱን ነው፤ ቀሪው የናንተ ነው። መምህሩ "አላስተማረንም" ከማለት በፊት የራሳችንን ሰዓት መቁጠር ፍትሕ ነው።

መገኘትም እንዲሁ ይሰላል። ደንቡ 80 በመቶ መገኘት የሚጠይቅ ከሆነና ኮርሱ 48 ክፍለ ጊዜ ካለው፣ መቅረት የምትችሉት 9 ብቻ ነው። ከታመማችሁ የሕክምና ማስረጃውን በጊዜው አስገቡ። ከወር በኋላ የመጣ ማስረጃ እውነት ቢሆንም እንኳ ለማመን ይከብዳል።

ኩረጃስ? ብዙዎች "ማንን ጎዳሁ?" ይላሉ። መለኪያውን ነው የጎዳችሁት። ምጣዱ መጋሉን የምትናገረው ማሟሻዋ እንጀራ ናት፤ ጋጋሪዋ እሷን አይታ እሳቱን ታስተካክላለች። ሚድና አሳይመንትም ማሟሻ ናቸው፤ የተኮረጀ ሚድ እንጀራው ሳይበስል በስሏል ብሎ ይዋሻል። መምህሩም ተማሪው ገብቶታል ብሎ ያልፋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለመጀመሪያ ዲግሪ የመውጫ ፈተና አለ፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ያኔ የጎረቤት ወረቀት የለም።

ገንዘቡም አይረሳ። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፤ የምግብና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከማስተማሪያው ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ሥራ ሲይዝ ይከፍላል። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው "በነፃ ነው የሚያስተምራችሁ" ሲባል አትሸማቀቁ፤ "መንግሥት ይከፍላል" ብላችሁም ዓመት አታባክኑ። ቀሪውን የሚሸፍነው ግብር ከፋዩ ነው። ከእነሱ አንዱ የጉና ሥር ገበሬ ነው፤ ልጁ ገና ዩኒቨርሲቲ ያልገባ።

ችግር ሲገጥም ምን ይደረጋል?

አሠራሩ በየዩኒቨርሲቲው ጥቂት ይለያያል፤ መንገዱ ግን ተመሳሳይ ነው።

መጀመሪያ የራሳችሁን ማስረጃ ሰብስቡ፦ አውትላይኑን፣ የሚድና የአሳይመንት ውጤቶቻችሁን፣ የተለጠፈውን ውጤት ፎቶ። ድምሩን ራሳችሁ ሥሩ።

ሁለተኛ፣ መምህሩን በአክብሮት ጠይቁ። "መምህር፣ ወረቀቴን ማየት ፈልጌ ነበር" ይበቃል። አብዛኛው ጉዳይ እዚህ ያልቃል።

ሦስተኛ፣ ካላለቀ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ በጽሑፍ አመልክቱ፤ ከዚያ ወደ ዲን፣ እንደ ደንቡ ወደ በላይ። ደረጃ አትዝለሉ፤ የዘለለ ማመልከቻ ተመልሶ ይመጣል፣ ቀናችሁም ይቃጠላል። የጻፋችሁትን ቅጂ አስቀሩ፣ ገቢ የተደረገበትን ቀን አስጽፉ። የአቤቱታ ቀን አጭር ነው። እውነተኛ አቤቱታ ቀኑ ካለፈ ብዙ ጊዜ ዋጋ ያጣል።

አራተኛ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያለው መንገድ ሁሉ ካለቀና በደሉ አስተዳደራዊ ከሆነ፣ በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፤ የመንግሥት አካላት የአስተዳደር በደልን ይመረምራል።

ትምህርት ማቋረጥ ግድ ከሆነባችሁ ደግሞ በጭራሽ ዝም ብላችሁ አትሂዱ። ፎርም ሞልቶ፣ ክሊራንስ ጨርሶ የሄደ ተማሪ በሚቀጥለው ዓመት የሚመለስበት በር ክፍት ነው። ሳይናገር የጠፋ ተማሪ ግን መዝገቡ ላይ የሚታየው እንደ ወደቀ ወይም እንደ ጠፋ ነው። እናት ታማ ወደ ቤት በሮጠና ማጥናት ሰልችቶት በጠፋ ልጅ መካከል ያለውን ልዩነት መዝገቡ የሚያውቀው በዚያች ፎርም ብቻ ነው።

ጋፋት ላይ ብረቱ ራሱ ይፈርድ ነበር፤ ብረት አያዳላም፣ አይደክመውም፣ ቁጥር አይገለብጥም። ሰው ሲፈርድ ግን ይደክመዋል፣ ይቸኩላል፣ አንዳንዴም ያዳላል። ደንብ የተጻፈው ሰው ስለሚፈርድ ነው። የዩኒቨርሲቲያችሁን ሴኔት ሌጅስሌሽን ከሪጅስትራር ወይም ከተማሪዎች ኅብረት ጠይቃችሁ የግሬድ፣ የአቤቱታና የዲሲፕሊን ክፍሎቹን አንብቡ። አንድ ከሰዓት ይበቃል። የሚነበብበት ጊዜ ደግሞ ውጤት ከተለጠፈ በኋላ አይደለም፤ ሴሚስተሩ ሲጀመር ነው።